አንደኛ የወጣው ለቅሶ

የባጃጁ ሹፌር እስከዳርን አላወቃትም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፣ ጭኗ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች፣ በቃ። እሱ ግን ዘፈኗን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ትከሻውን እየነቀነቀ ነው የሚነዳው።

«ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አላት በመስታወቱ እያያት።

«ማንን?»

«እስከዳርን ነዋ! የማርቆስ ልጅ እኮ ናት። እኔና እሷ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ሒሳብ ከኔ ነበር የምትኮርጀው።»

«አይ ታድለህ!» አለች ሳቋን በነጠላዋ አፍና። እስከዳር ሒሳብ ኮርጃም አልፋ አታውቅም።

«አምስት ሳምንት ሙሉ አንደኛ! ዛሬም አንደኛ ካልወጣች ይቺን ባጃጅ እሸጣታለሁ። ምን አለ በይኝ።»

ሳቋ አልቆም አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ማርቆስ ያቺ ማርቆስ ናት፣ ድንጋዩም ጭቃውም እዛው ነው፣ ግን በየሱቁ በር የራሷ ድምፅ ቆሞ ይጠብቃታል።

አልበሟ «ሌላ ጠዋት» ይባላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። አስር ዘፈን ነው፤ ዘጠኙ ቀስ ያሉ፣ ሶል የሚሏቸው ዓይነት፣ ድምፅዋ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ላይ የሚንቀጠቀጥባቸው። እሷ የምትወዳቸው እነሱን ነው። አስረኛው ግን ዲስኮ ነው። ቤዝ ጊታሩ እየሮጠ ይገባል፣ ጭብጨባው ይከተለዋል፣ ከዛ ጥሩምባው እንደ ሠርግ መኪና ይጮሃል። ስሙ «ተነስ»። ቅዳሜ ከሰዓት አድማጭ እየደወለ አስር ዘፈን የሚመርጥበት የሬዲዮ ፕሮግራም አለ አይደል? እዛ ላይ መጀመሪያ ዘጠነኛ ገባ። በሳምንቱ አራተኛ። ከዛ አንደኛ ወጣና እዛው ተቀመጠ፤ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት። አልበሙንም ጎትቶ አወጣው። ከባህር ዳር እስከ ሐዋሳ ሠርግ ያለ «ተነስ» አላልቅ አለ።

ጭኗ ላይ ያለው ጥቅልል ደግሞ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ለሠርጓ እንዳይመስላችሁ። ለወይዘሮ ዘመናይ ነው፣ ለሀይለመለኮት እናት።

እንግዲህ ሀይለመለኮትን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው የምትወደው። ሀይሌ ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ፋርማሲ አለው፣ ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። እናቱ የይጁቤ ባለ ብዙ መሬት ልጅ፣ የእህል ነጋዴ ባለቤት የነበሩ፣ ግቢያቸው ከነመጋዘኑ ግማሽ ሰፈር የሚያህል። የእስከዳር እናት ሥራነሽ ደግሞ አልቃሽ ናት። ከማርቆስ እስከ አማኑኤል ሰው ሲሞት የምትጠራው እሷ ናት። ሐዘንተኛው ጆሮዋ ላይ ግጥም ይሰጣታል፣ እሷ ድንኳኑ መሀል ቆማ በዛ ድምፅዋ ታወጣዋለች፣ ድንጋይም ቢሆን ያለቅሳል። አባቷም በሕይወት እያለ ማሲንቆ መቺ ነበር። የአገሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ሲሞትባቸው ይጠሯታል፣ ከቀብር መልስ ምግቧን በር አጠገብ ይሰጧታል፣ ልጃቸውን ግን አይሰጧትም።

«ያልቃሽ ልጅ እኔ ቤት የምትገባው እኔ ስሞት ነው» ነበር ያሉት ወይዘሮ ዘመናይ፣ ሀይሌ መጀመሪያ ስሟን ያነሳ ጊዜ።

ከዛ ዘፈኑ አንደኛ ወጣ። ማኅበር ላይ ሴቶቹ «የልጅሽ ወዳጅ አገር ጉድ አሰኘች አሉ!» አሏቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏቸው። ወይዘሮ ዘመናይ፣ ሰማችሁኝ፣ ያን ዘፈን አንዴ እንኳን አልሰሙትም። ትንሹ ልጃቸው፣ ይታያል የሚባለው፣ ባለፈው ዓመት ክረምት የጨሞጋን ወንዝ ልሻገር ብሎ ውሃ ከወሰደው ወዲህ ቤታቸው ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥኑ ጨርቅ ለብሷል። ሴትየዋም ጥቁራቸውን አልቀየሩም። ሰው የነገራቸውን ሰምተው ነው «እንግዲህ አገር ካከበራት እኔ ማን ነኝና» ያሉት።

ዛሬ ዘመድ ተሰብስቦ ጥቁራቸውን ሊያስወልቃቸው ነው። ነጩን ልብስ እስከዳር ታምጣው ተባለ። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ሽማግሌ ወደ ሥራነሽ ቤት ይሄዳል። እና ምን ይገርማል መሰላችሁ? ሥራነሽም ተጠርታለች። ለማልቀስ አይደለም። ለመብላት።

«ወራጅ አለ» አለች እስከዳር። ጥቅልሏን አቅፋ ከባጃጁ ወረደች።

* * *

ሀይለመለኮት በሩ ላይ ጠበቃት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈና ሸሸ።

«አማረብሽ» አላት።

«አንተም። እናቴ መጣች?»

«መጥታለች። ውስጥ ናት። በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር፣ ጋሽ ዋኘው ‹ወደ መሀል ግቢ› ብለው እጇን ይዘው አስገቧት።»

ጋሽ ዋኘው እሁድ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የሚሆኑት ናቸው። እስከዳር ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቷ መሀል!

«እስክዬ» አለ ሀይሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ስለ ዘፈኑ እናቴ ፊት እንዳታነሺ።»

«ለምን? እሳቸው አይደሉ የፈቀዱት?»

«ፈቅዳለች። ፈቅዳለች… ግን ዛሬ ይቅር። ቀኑ ከባድ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይታያል ሲሞት እስከዳር አዲስ አበባ ስቱዲዮ ነበረች፤ ሳይነግሯት ተቀበረ። ሀይሌ ለቅሶውን በስልኩ ቀድቶ ላከላት። ወይዘሮ ዘመናይ የሥራነሽን ጆሮ ይዘው የሰጡት ግጥም ነበር፣

«ተነስ ተነስ ልጄ፣ ሰው መጥቷል ደጃፍህ፣
እንግዳ ቆሞልህ፣ እንዴት ነው መተኛህ?»

እስከዳር ታክሲ ውስጥ ነበር የሰማችው። ሳትደርስ ወርዳ አስፋልት ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ይታያል እኮ ነው፤ ለእሷና ለሀይሌ መልእክት የሚያመላልስላቸው፣ «እህቴ» የሚላት፣ ቤተሰቡ ሳይቀበላት እሱ ብቻውን የተቀበላት። ለሱ ልዘፍነው አለች። ግን እናቷ ያሳደገቻት በአንድ ሕግ ነው፤ የድንኳን ግጥም ከድንኳኑ ጋር ይጠቀለላል፣ ውጭ አይወጣም። ስለዚህ ሀይሌን «እማማ ካልፈቀዱ አልነካውም፣ ጠይቅልኝ» አለችው። እሱም ቆይቶ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከላት። «ጠይቄያታለሁ። ‹የልጄ ስሙ ይነሳ› አለች» አላት።

ቀስ አድርጋ ነበር የዘፈነችው፣ ብቻዋን፣ በአንድ ፒያኖ። አቀናባሪው ነው «ይሄ ቤዝ ይፈልጋል!» ብሎ ወደ ዲስኮ ያዞረው። «ልጄ» የሚለውንም «ውዴ» አስደረጋት። ያኔውኑ ደውላ «ሀይሌ፣ ጭፈራ አደረጉት እኮ» አለችው። «ምን አለበት፣ ዋናው ስሙ መነሳቱ ነው» አላት።

የእናቱ እሺታ ነበር በልቧ የያዘችው። አሁን በሩ ላይ ቆማ ዓይኑን ስትፈልገው ዓይኑ የለም፤ ጫማውን ያያል።

* * *

ልብሱን የቀየሩላቸው እልፍኝ ውስጥ ነው። ሁለት ሴቶች ጥቁሩን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ወይዘሮ ዘመናይ እንደ ሕፃን እጃቸውን ሰጡ። ቀጭነዋል። ጥቁሩ ስር ሰውነታቸው የተላጠ እንጨት ይመስል ነበር። እስከዳር ነጩን በራሳቸው አጠለቀችላቸው፣ እጅጌውን ሳበችላቸው፣ መቀነቱን አሰረችላቸው።

«ይሰፋኛል?» አሏት።

«ልክ ነው እማማ። አምሮብዎታል።»

«እጅሽ ለስላሳ ነው» አሉ። ከዛ ጉንጯን በመዳፋቸው ያዙ። «ይታያል ይወድሽ ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ልጄ! ያቺን ቃል ስንት ዓመት ጠበቀቻት! እስከዳር ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አንደኛ መውጣት ማለት ይሄ ነው አለች በልቧ፣ ሬዲዮው ምን ያውቃል።

ግቢው ውስጥ ወደተተከለው ድንኳን ሲወጡ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ዋኘው ቆመው መረቁ። ሥራነሽ መሀል ተቀምጣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደስታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃ። ይሄኔ ሕሊና፣ የሀይሌ የአጎት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ትልቁን ስፒከር አቅፋ ገባች።

«እታባ ዘመናይ! ሐዘኑ ወጥቷል አይደል? እንግዲህ የምራትሽን ዘፈን ስሚልን!»

«ሕሊና! ቆይ!» አለ ሀይሌ። ጮኸ ማለት ይቻላል። ግን ልጅቷ ተጫነችው።

ቤዙ እየሮጠ ገባ። ጭብጨባው ተከተለ። ወጣቶቹ ተነሱ፣ እስክስታው ወረደ፣ አንድ አጎት በእጁ የያዘውን ጭራ እያወዛወዘ መሀል ገባ። ወይዘሮ ዘመናይ ፈገግ ብለው እጃቸውን ለማጨብጨብ አነሱ። ከዛ የእስከዳር ድምፅ መጣ።

«ተነስ ተነስ ውዴ፣ ሰው መጥቷል ደጃፍህ…»

እጆቻቸው አየር ላይ ቀሩ። ፈገግታቸውም ፊታቸው ላይ ቀረ፣ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ልብስ።

«እንግዳ ቆሞልህ፣ እንዴት ነው መተኛህ?»

«አጥፉት» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። አጎትየው ይወርዳል። ጥሩምባው ይጮሃል። «አጥፉት አልኩ!»

ሕሊና አጠፋችው።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። በቀስታ ነው ያሉት። «ልጄ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እዚህ ጋ… እዚህ ጋ ተኝቶ የሰጠሁት ነው። ይሄን ነው ሰው የሚጨፍርበት? ይሄን ነው አንደኛ ያወጡት?»

«እማማ፣ እርስዎ ፈቅደው…»

«ምኑን ነው የፈቀድኩት?»

እስከዳር ሀይለመለኮትን አየችው። ሸሚዙ ነጭ ነው። ፊቱም ነጭ ነው።

«ማን ነገረሽ?» አሉ ሴትየዋ። «አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ። ቀብሩ ላይ አልነበርሽም። እኔ ለአንድ ሰው ጆሮ ነው የሰጠሁት። ለአንድ ሰው!» ዞሩ። «ሥራነሽ!»

ሥራነሽ ተነሳች። መሀል የተሰጣት ቦታ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት። መጀመሪያ ልጇን አየች። ቀጥላ ሀይሌን። አልቃሽ እኮ የሰው ፊት ማንበብ ነው ሥራዋ፤ ማን ከልቡ እንዳዘነ፣ ማን እንዳስመሰለ፣ ከድንኳን በር ጀምራ ታውቃለች። አወቀች። ሁሉንም አወቀች። የእሁዱንም ሽማግሌ አሰበች።

«እኔ ነኝ እሜቴ» አለች። «ለቅሶው ሲያመልጣት እኔ ነኝ በስልክ የነገርኳት። ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሬሳ ፊት የሰጠሁሽን ገበያ አወጣሽው?»

«አወጣሁት።»

«እምዬ!» አለች እስከዳር።

«ዝም በይ አንቺ!» አለቻት እናቷ፣ በሕይወቷ ሰምታ በማታውቀው ድምፅ።

ጋሽ ዋኘው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እንግዲህ ነገሩ ከባድ ነው። አልቃሽ አፏን ካላመንነው ሟቻችንን ለማን እንሰጣለን? ከዛሬ ጀምሮ ሥራነሽን ለቅሶ የሚጠራ ከኛ ወገን የለም። ለይጁቤም ለአማኑኤልም ይነገር።»

ሥራነሽ ራሷን ዝቅ አደረገች። እህል የምትበላበትን አፏን ነው የዘጉባት፣ እሷ ግን እሺ አለች፤ ልጇ እንድትዳር።

እስከዳር ግን መሀል ገባች።

«ሀይሌ» አለች። «ተናገር።»

እሱ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል።

«እናቴ ምንም አላለችኝም። አንተ ታውቃለህ። ማን እንደሰጠኝ፣ ማን ‹ፈቅዳለች› እንዳለኝ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወይዘሮ ዘመናይ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አንድ የቀራቸው ልጅ ነው። ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን እስከዳር አየችው፤ ጥያቄ አልነበረም፣ ልመና ነበር። አንተ እንዳትሆን፣ አንተም እንዳትሄድብኝ የሚል።

ሀይለመለኮት ከንፈሩን ላሰ።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ።

ይችው ናት። እንዲህ ያለች አጭር ነገር ናት። እስከዳር አልጮኸችም። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ የሱ ድምፅ ስልኳ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ ብትከፍተው ያልቅ ነበር። ግን ፊቱን አየችውና ቦርሳዋን አልከፈተችም። ሰው እንዲህ ሆኖ ከቆመ ምኑን ታስረዳበታለች?

«ልጄ ላይ ነው የምታላክኪው?» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። «አንዱን ጨፈርሽበት፣ አንዱን ልትወስጂ መጣሽ? ድሮስ ያልቃሽ ልጅ!» መቀነቱን መፍታት ጀመሩ፣ እዛው፣ ሰው ፊት። «ጥቁሬን መልሱልኝ። ይሄን አውልቁልኝ! ያቃጥለኛል፣ አውልቁልኝ!»

ሴቶቹ ሮጠው ከበቧቸው። ነጩ ቀሚስ በሰው እግር መሀል ወደቀ። እስከዳር ጎንበስ ብላ ልታነሳው ፈለገች፣ ተወችው። የእናቷን እጅ ያዘች። ከዛ እስከ ድንኳኑ በር ያለው መንገድ፣ ጨሞጋን ከነሙላቱ መሻገር ማለት ያ ነበር።

* * *

ሀይሌ ግቢው በር ላይ ደረሰባት። ሥራነሽ ቀድማ ወጥታ መንገዱ ዳር ባጃጅ ትጠብቃለች።

«እስክዬ፣ ስሚኝ፣ በማርያም ስሚኝ!»

ቆመች።

«ልነግራት ነበር። አቃተኝ። ስሙን ስጠራው ትወድቃለች እኮ፣ አንቺ አላየሻትም። እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ከዛ ደግሞ ዘፈኑ ይሄን ያህል ይሰማል ብዬ አላሰብኩም። ማን አሰበ?»

«ያላሰብኩት እኔ ነኝ።»

«ይበርዳል። ትንሽ እንታገስ። ሲበርድ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ሽማግሌውም ቢዘገይ ነው እንጂ አይቀርም…»

«እናቴስ?»

«ምን?»

«እናቴን ከእንጀራዋ አባረሯት ሀይሌ። አንተ ቆመህ።»

እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። የሚላትን ፈለገ፣ ፈለገና አገኘ። ባያገኝ ይሻለው ነበር።

«እናትሽ እኮ… እናትሽ ለምዳዋለች። የኔ እናት ግን አልለመደችም፣ አትችለውም።»

እስከዳር ለረጅም ጊዜ አየችው። ይሄን ፊት ስትወደው ኖራለች። አውቶብስ መስኮት ላይ ሥላዋለች፣ ዘጠኝ ዘፈን ጽፋለታለች። አፍንጫው ያው ነው፣ ቅንድቡ ያው ነው፣ ግራ ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ያችው ናት። ሰውየው ግን የለም። ወዴት ሄደ? ወይስ ድሮም አልነበረም? ዞራ ወደ እናቷ ሄደች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ክፍል በሩ ተከፍቶ ቀርቶ ንፋስ የሚገባበት መሰላት።

* * *

እግዜር ሲቀልድ ያው ባጃጅ መጣ። ያው ሹፌር።

«የኔ እመቤት! ተመለስሽ? ጥቅሉን አደረስሽ?»

«አደረስኩ» አለች። ነጠላዋ ከፊቷ ወርዶ ነበር፣ እሷም አላስተዋለችም፣ እሱም አላስተዋለም። ሬዲዮው ሁለተኛ የወጣውን ዘፈን እያሰማ ነው። ሥራነሽ ከጎኗ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች።

ስልኳ ጮኸ። አስር ሰዓት ነው። ከሬዲዮው ነበር፤ ዛሬ በቀጥታ ስርጭት እንደሚደውሉላት ነግረዋት ነበር፣ ረስታዋለች። አነሳችው።

«አድማጮቻችን! መስመር ላይ ማን እንዳለች ገምቱ! እስከዳር! ስድስተኛ ሳምንት! አሁንም አንደኛ! እንኳን ደስ አለሽ!»

ድምፁ ከስልኩ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከባጃጁ ሬዲዮ። ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። አፉ ተከፈተ። ባጃጁ ዘንበል ብሎ ተመለሰ።

«በእመብርሃን! ሒሳብ…» አለና አፉን ዘጋ።

«እስከዳር፣ ትሰሚናለሽ? ዛሬ አድማጭ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ‹ተነስ ተነስ ውዴ› የሚባልለት ያ ዕድለኛ ማነው? ንገሪን በቃ!»

እናቷን አየቻት። የእናቷ እጆች ጭኗ ላይ ተጣጥፈዋል። እነዛ እጆች የስንት ሰው ሐዘን ተሸክመው፣ ዛሬ የማንንም ሳይሰርቁ ሌባ ተብለዋል። መናኸሪያው አጠገብ ሱቆቹ ሁሉ ይሄኑ ሬዲዮ ከፍተዋል። በሩ ላይ የቆመ ባለ ሱቅ፣ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ፣ ሁሉም መልሷን ይጠብቃሉ። እዛ ድንኳን ውስጥም ቢሆን አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ ይሰማል፤ ካልሰማም የሰማ ይነግረዋል።

«ውዴ አይልም» አለች።

«አልሰማሁሽም?»

«ግጥሙ ‹ውዴ› አይልም። ‹ልጄ› ነው የሚለው። ለቅሶ ነው። ወይዘሮ ዘመናይ ልጃቸውን ይታያልን ጨሞጋ ሲወስደው ያለቀሱት ነው። እኔ አልጻፍኩትም።»

«እ… እሺ…»

«እናቴ ሥራነሽ ትባላለች። አልቃሽ ናት። ከድንኳን ግጥም አውጥታ አታውቅም፣ ለኔም አልሰጠችኝም። ማርቆስ ያላችሁ፣ ይጁቤ ያላችሁ፣ አማኑኤል ያላችሁ ስሙኝ። ቀድቶ የሰጠኝ የሟቹ ወንድም ነው። ‹እናቴ ፈቅዳለች› ብሎ። ሟቹ አንድ ወንድም ብቻ ነበረው። ከዛሬ ጀምሮ አልዘፍነውም። ከአልበሙም ይውጣ።»

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ሳቀ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የቸገረው ሰው ሳቅ።

«አርቲስት ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው! ስሜት ነው! አድማጮቻችን፣ እናንተ መርጣችሁታል፣ ስድስተኛ ሳምንት፣ አንደኛ፣ ‹ተነስ›!»

ቤዙ እየሮጠ ገባ። ከባጃጁ፣ ከሱቆቹ፣ ከሚኒባሶቹ። ጭብጨባው ተከተለ። መንገዱ ዳር ሁለት ልጃገረዶች ሳቁና ወገባቸውን ያዙ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። የሀይሌ መልእክት ነው። አንድ ቃል ብቻ። «ገደልሽኝ።» አነበበችውና ስልኩን አጠፋችው።

«ምነው ልጄ» አለች ሥራነሽ፣ «ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው። የኔ ስም ምን ይሆናል ብለሽ ነው? እኔ ዕድሜዬ ያለፈ ሰው ነኝ። አንቺ ትዳሪ ብዬ…»

«ማንን ላግባ እምዬ?»

ሥራነሽ የልጇን እጅ ያዘች።

«እምዬ።»

«ወዬ።»

«አልቅሺልኝ።»

«ለቆመ ሰው አይለቀስም የኔ ልጅ።»

«አየሽው እኮ። ከኔ ቀድመሽ አየሽው። የቆመ መሰለሽ?»

ሥራነሽ ልጇን አየች። ቀስ ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አዘቀዘቀችው፣ ለቅሶ ቤት እንደምትገባ። ሹፌሩ ሳይነግሩት ሬዲዮውን ዘጋ። ከዛ ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ እስከዳር አፍ አስጠጋች።

«በይ እንግዲህ፣ ግጥም ስጪኝ» አለቻት። «አልቃሽ ከራሷ አታወጣም። የሞተባት ናት የምትሰጠው።»

እስከዳር አፏን ከፈተች። የባጃጁ ሞተር ይንደቀደቃል። ከኋላቸው ከሩቅ ያቺ ጥሩምባ ትጮሃለች። ፈለገች፣ ከሆዷ ፈለገች፣ ከጉሮሮዋ ፈለገች። ለዛ ሰው ዘጠኝ ዘፈን የጻፈችው ልጅ የእናቷ ጆሮ ላይ አንዲት ቃል አጣች።